የአስከሬን ምርመራ ስለ ኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) ምን አሳየ?

የአስከሬን ምርመራ ሕይወቱ ያለፈ ሰው አካል በሠለጠነ ሐኪም ከውጭም ከውስጥም ተመርምሮ የሞቱ ምክንያትና በሽታው በየአካል ክፍሉ ያደረሰው ጉዳት የሚታወቅበት የሕክምና ሥራ ነው። ምርመራውን የሚያከናውነው ፓቶሎጂስት ተብሎ የሚጠራው ሐኪም ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ የአካል ክፍሎችን በዓይን ያያል፣ ይመዝናል፤ ቀጥሎም ከየክፍሉ ትንሽ ናሙና ወስዶ፣ በስሱ ቆርጦና በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በቻይና ዉሃን ከተማ ስለታወቀው የኮሮና ቫይረስ በሽታ ዛሬ ካለው ዕውቀት ከፊሉ፣ በተለይም ሳንባና የደም ሥሮች የሚጎዱበትን መንገድ የሚያስረዳው፣ የተገኘው ከዚሁ ምርመራ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ይወጡ በነበሩት ዕለታዊ መግለጫዎች ውስጥ ሕይወታቸው አልፎ በአስከሬን ምርመራ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ይጠቀሱ እንደነበር ይታወሳል። በዚያ አገባብ «የአስከሬን ምርመራ» የተባለው ከሟች አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚደረገው የቫይረስ ምርመራ ነው። አካልን ከፍቶ መመርመር ከዚህ የተለየ ሥራ ነው። ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ የሚከናወነውና በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይሰጥ የነበረው የፎረንሲክ ምርመራም ዓላማው ሌላ ነው፤ እርሱ በዋናነት የሚመልሰው ሞቱ ወንጀል ወይም አደጋ ያስከተለው መሆን አለመሆኑን ነው። ሦስቱም በአንድ ስም መጠራታቸው ብዙ ቤተሰቦችን ግራ አጋብቷል። የአፍንጫ ናሙና ሟቹ ቫይረሱ እንደነበረበት ይናገራል፤ ቫይረሱ በአካሉ ውስጥ ምን እንዳደረገ ግን አይናገርም። ከዚህ በታች የቀረበው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመለከት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ምርመራው ለምን አነሰ?

በሽታው እንደተቀሰቀሰ በአብዛኞቹ አገሮች አስከሬን የሚመረምሩ ሐኪሞች ሥራውን ገታ አድርገው ነበር። አካል ሲከፈትና አጥንት በኤሌክትሪክ መጋዝ ሲቆረጥ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ ስለሚፈጠር፣ ተገቢ የአየር ማስወጫ በሌለው ክፍል መሥራት ለመርማሪው አደገኛ ነው። የመከላከያ ጭምብልና ልብስም ለሕይወት አድን ክፍሎች እንኳ አይበቃም ነበር። በጀርመን የሮበርት ኮህ ተቋም መጀመሪያ ላይ ምርመራው እንዲቀር መክሮ፣ ሳምንታት ቆይቶ ምክሩን ለውጧል። በዉሃን ደግሞ በፕሮፌሰር ሊዩ ሊያንግ የተመራው ቡድን የመጀመሪያዎቹን ሙሉ ምርመራዎች ያካሄደው የካቲት 16 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በበሽታው የሞቱት ሰዎች ከአንድ ሺህ በልጠው ነበር።

ይህ የመረጃ ክፍተት የተሳሳተ ወሬ እንዲሰራጭ ዕድል ሰጠ። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) የጸደይ ወራት ጀምሮ በበርካታ ቋንቋዎች በስልክ ሲዘዋወር የነበረ አንድ መልእክት የዓለም ጤና ድርጅት የአስከሬን ምርመራን በሕግ እንደከለከለ፣ የጣሊያን ሐኪሞች ግን ክልከላውን ጥሰው አስከሬን እንደመረመሩ፣ በዚህም በሽታው በቫይረስ ሳይሆን ደም በሚያረጋ ባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን እንደደረሱበት፣ ስለዚህም ያለ ሆስፒታል፣ ያለ ኦክስጅን፣ በአስፕሪንና በፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ቤት ውስጥ እንደሚድን ይገልጽ ነበር። ያው መልእክት የአገሩ ስም ብቻ እየተቀየረ በኋላ «ሩሲያ»፣ ቀጥሎም «ሲንጋፖር» ተብሎ ተሰራጭቷል፤ የሲንጋፖር ጤና ሚኒስቴርም ሐሰት መሆኑን አስታውቋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በአባል አገሮች ላይ እንዲህ ያለ ክልከላ የማውጣት ሥልጣን የለውም። እንዲያውም በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ የአስከሬን ምርመራ በምን ጥንቃቄ መካሄድ እንዳለበት የሚዘረዝር ነበር። የጣሊያን ሐኪሞችም በእርግጥ አስከሬን መርምረዋል። በሚላኖና በቤርጋሞ በሚገኙ ሁለት ሆስፒታሎች ሕይወታቸው ያለፈ የ38 ሰዎች ሳንባ ተመርምሮ፣ ከ38ቱ በ33ቱ ትናንሽ የደም ሥሮች ውስጥ የረጋ ደም ተገኝቷል። በዚያው ጥናት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሳንባ ሕዋሳት ውስጥ የታየው ግን ቫይረሱ ራሱ ነበር። ወሬው ግማሹን እውነት ይዞ ሌላኛውን ግማሽ ገልብጦታል፤ ለብዙ ሰው አሳማኝ መስሎ የታየውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ሳንባ

ጤናማ የሳንባ የአየር ከረጢት ግድግዳ እጅግ ስስ ነው። በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ወገን ደም አለ፤ ኦክስጅን ከአየር ወደ ደም የሚሻገረው በዚህ ስስ ግድግዳ በኩል ነው። በኮቪድ-19 በሞቱ ሰዎች ሳንባ ውስጥ በተደጋጋሚ የታየው የዚህ ግድግዳ መፍረስ ነው። ቫይረሱ ግድግዳውን የሚሸፍኑትን ሕዋሳት ይገድላል፤ ከደም ሥሮች የሚያፈስ ፈሳሽና ፕሮቲን ወደ ከረጢቱ ይገባል፤ የሞቱ ሕዋሳትና ፕሮቲኑ ተጣብቀው በከረጢቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይሠራሉ። ይህ ሽፋን ከተሠራ በኋላ አየር ወደ ከረጢቱ ቢደርስም ኦክስጅን ወደ ደም መሻገር ይሳነዋል። በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ይፋ በሆነው ከመጀመሪያዎቹ ዘገባዎች አንዱ፣ በቤጂንግ ሕይወቱ ካለፈ የ50 ዓመት ሰው በመርፌ በተወሰደ ናሙና ላይ ይኸው ለውጥ ተመዝግቧል።

ለውጡ በሚዛንም ይታወቃል። የአንድ አዋቂ ሰው ሁለቱ ሳንባዎች በተለመደው ሁኔታ ተደምረው ከ1 ኪሎ ግራም በታች ይመዝናሉ። በጀርመን ሐምቡርግ በተመረመሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ሟቾች ግን የሁለቱ ሳንባዎች ድምር ክብደት በአማካይ ወደ 2 ኪሎ ግራም ተጠግቶ ተገኝቷል። ሳንባው በፈሳሽና በደም ተሞልቶ፣ እንደ ስፖንጅ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጉበት ይጠጥራል።

ከበሽታው ጋር ለሳምንታት ታግለው በሞቱ ሰዎች ደግሞ የተለየ መልክ ይታያል። አካሉ የፈረሰውን ግድግዳ ለመጠገን ሲሞክር በአየር ከረጢቶቹ ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳ አየር አያስተላልፍም፤ እንደ ጤናማ ሳንባም አይለጠጥም። በጽኑ ታመው የዳኑ አንዳንድ ሰዎች ለወራት ዳገት መውጣትና ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸው ለምን እንደሆነ ይህ ግኝት በከፊል ያስረዳል። በከፊል የተባለው ምርመራው የሞቱትን እንጂ የዳኑትን የማያሳይ በመሆኑ ነው፤ ከአስከሬን የተገኘ ማንኛውም ውጤት ሲነበብ ይህ ገደብ አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ቀላል ሕመም ታሞ በቤቱ የዳነ ሰው ሳንባ እዚህ የተገለጸውን ይመስላል ማለት አይቻልም።

የደም መርጋት

ከሁሉ ይልቅ ሐኪሞችን ያስገረመውና የሕክምናውን መንገድ የለወጠው ግኝት ይህ ነው። በሐምቡርግ ከተማ የጤና ባለሥልጣናት ትእዛዝ በፕሮፌሰር ክላውስ ፑሸል የሚመራው የፎረንሲክ ክፍል በተከታታይ የመረመራቸው 12 ሰዎች ውጤት በግንቦት 2020 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ከ12ቱ በ7ቱ በእግር ውስጥ በሚገኙት ጥልቅ ደም መላሽ ሥሮች የረጋ ደም ተገኘ። ሰዎቹ በሕይወት በነበሩበት ጊዜ ይህ ችግር እንዳለባቸው የጠረጠረ ሐኪም አልነበረም። በ4ቱ ላይ የረጋው ደም ከእግር ተነቅሎ በልብ በኩል ወደ ሳንባ በመጓዝ ዋናውን የደም መስመር ዘግቶ የሞታቸው ቀጥተኛ ምክንያት ሆኗል። ማለትም ከ3ቱ የ1ዱ ሰው ሞት የመጣው፣ አስቀድሞ ቢታወቅ የታወቀ የመከላከያ መድኃኒት ባለው ችግር ነው።

በዚያው ወር ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ጉዳዩን ወደ ታች፣ በዓይን ወደማይታዩት የደም ሥሮች ወሰደው። ተመራማሪዎቹ በኮቪድ-19 የሞቱ 7 ሰዎችን ሳንባ በኢንፍሉዌንዛ ከሞቱ 7 ሰዎች ሳንባ ጋር አነጻጸሩ። በአየር ከረጢቶች ዙሪያ ባሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የረጋ ደም በኮቪድ-19 ሟቾች ላይ በ9 እጥፍ በልጦ ተገኘ። በሁለቱም በሽታዎች የአየር ከረጢቶቹ ተጎድተዋል፤ በኮቪድ-19 ግን የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋንም ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። የዙሪክ ሐኪሞችም በሳንባ ብቻ ሳይሆን በኩላሊትና በአንጀት የደም ሥሮች ሽፋን ላይ ተመሳሳይ ብግነት መመልከታቸውን ከዚያ ቀደም ብለው ዘግበው ነበር። ኮቪድ-19 በመተንፈሻ አካል ጀምሮ የደም ሥሮችን የሚያጠቃ በሽታ መሆኑ የተረጋገጠው በእነዚህ ምርመራዎች ነው።

ውጤቱ በሕክምናው ላይ ወዲያውኑ ታይቷል። በሆስፒታል ለሚተኙ ታማሚዎች ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት መስጠት በስፋት ተለመደ። ቀጥሎ የተነሳው ጥያቄ መጠኑ ምን ያህል ይሁን የሚል ነበር፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተሙ ሰፋፊ ጥናቶች ከፍተኛው መጠን መካከለኛ ሕመም ላለባቸው ተኝቶ ታካሚዎች እንደሚጠቅም፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሚገኙት ግን ጥቅም እንዳላሳየ አመልክተዋል። በአየር ከረጢቶቹ ላይ ለሚታየው ብግነት ደግሞ ዴክሳሜታዞን ተሞከረ። ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የእንግሊዝ ጥናት መድኃኒቱ በመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያ ከሚረዱት ታማሚዎች ሞትን በ1/3ኛ፣ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው ደግሞ በ1/5ኛ ቀንሷል። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ሰዎች አልጠቀመም።

አስፕሪን

ደም ይረጋል ከተባለ አስፕሪን መዋጥ ምን ይጎዳል የሚለው ጥያቄ አግባብነት አለው፤ ጥያቄው በሳይንስም ተጠንቷል። በዚያው በእንግሊዝ በተካሄደው ጥናት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ተኝቶ ታካሚዎች ተሳትፈው፣ ገሚሶቹ ከመደበኛው ሕክምና በተጨማሪ አስፕሪን፣ ገሚሶቹ መደበኛውን ሕክምና ብቻ እንዲወስዱ ተደርጓል። በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት በሁለቱም ወገን 17 በመቶ ነበሩ። አስፕሪን ሞትን አልቀነሰም፤ የመድማት አደጋን ግን በጥቂቱ ጨምሯል። አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒትም በዚሁ ጥናት ተፈትሾ በሞት መጠን ላይ ለውጥ አላመጣም። ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሚያስፈልገው በቫይረሱ በተዳከመ ሳንባ ላይ ባክቴሪያ ሲደረብ ነው፤ ይህ መሆኑንም የሚወስነው ሐኪም ነው። ለሌላ የልብ ወይም የደም ሥር ሕመም አስፕሪን በሐኪም የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።

ልብ፣ ኩላሊት፣ አንጎል

በሐምቡርግ 39 ሟቾች የልብ ጡንቻ ተመርምሮ በ24ቱ ላይ የቫይረሱ የዘር ቅንጣት ተገኝቷል፤ ሆኖም የልብ ጡንቻ ብግነት አብሮ አልታየም። ቫይረሱ በአንድ ቦታ መገኘቱና በዚያ ቦታ ጉዳት ማድረሱ አንድ አለመሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል። በኩላሊት በብዛት የሚታየው ሽንት የሚያጣሩት ቀጫጭን ቱቦዎች መጎዳት ሲሆን፣ የዚህ አንዱ ምክንያት የኦክስጅንና የደም እጥረት ነው። በጣፊያና በንፍፊት ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ተመናምነው ይገኛሉ።

የአንጎል ጉዳይ ሰፊ ክርክር አስነስቷል። የሐምቡርግ ሐኪሞች የ43 ሰዎችን አንጎል መርምረው፣ ለቫይረሱ ከተፈተሹት 40ዎቹ በ21ዱ ላይ አግኝተውታል፤ ይሁን እንጂ የቫይረሱ መኖርና የጉዳቱ ክብደት አልተያያዙም። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ44 ሰዎች ላይ የተደረገውና በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በበርካታ የአካል ክፍሎች፣ አንጎልን ጨምሮ፣ ያገኘ ሲሆን በአንድ ሰው ላይ ሕመሙ ከጀመረ ከ230 ቀናት በኋላም ታይቷል። ከመተንፈሻ አካል ውጭ የታየው ብግነት ግን አነስተኛ ነበር። የዘር ቅንጣት ለረጅም ጊዜ መቆየቱ ብቻውን ሰውየው በሽታውን ያስተላልፋል ማለት አይደለም።

ሽታ ማጣትን በተመለከተ የተገኘው መልስ ብዙዎችን የሚያጽናና ነው። በቤልጅየም ሌውቨን ተመራማሪዎች ታማሚው ሕይወቱ እንዳለፈ፣ ሕዋሳቱ ሳይበላሹ፣ አልጋው ድረስ እየሄዱ ከአፍንጫ የላይኛው ክፍል ናሙና ወሰዱ። ቫይረሱ የተገኘው ሽታን በሚለዩት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ሳይሆን እነርሱን በሚደግፉት ሕዋሳት ውስጥ ነበር። ድጋፍ ሰጪዎቹ ሕዋሳት ራሳቸውን መተካት ይችላሉ፤ አብዛኛው ሰው ሽታው የሚመለስለትም ከዚህ ጋር በተያያዘ እንደሆነ ይታመናል።

«በኮሮና ሞተ» ወይስ «ኮሮና እያለበት ሞተ»?

ሟቹ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም የነበረበት ከሆነ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ማንሳቱ የሚጠበቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ መሠረት ሞት በኮቪድ-19 እንደመጣ የሚመዘገበው በሽታው ለሞት ያደረሰው ሲሆን ነው፤ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው በመኪና አደጋ ቢሞት በዚህ አይመዘገብም። ነባር ሕመም መኖሩም ኮቪድ-19ን ከምክንያትነት አያወጣውም። ይህን አሠራር አስከሬን በመመርመር መፈተሽ ተችሏል፤ በጀርመን ብሔራዊ መዝገብ ከተሰበሰቡት 1,129 ምርመራዎች በ86 በመቶው የሞቱ መነሻ ምክንያት ኮቪድ-19 ሆኖ ተገኝቷል። በቀሪዎቹ ላይ በሽታው አስተዋጽኦ ያደረገ ወይም አብሮ የተገኘ ብቻ ነበር።

አስከሬኑ በሽታ ያስተላልፋል?

የሞተ ሰው አይተነፍስም፣ አያስልም፤ ስለዚህም በሕይወት ካለ ታማሚ ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ ከአስከሬን አጠገብ ከመቆም የበለጠ አደጋ አለው። በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከአስከሬን በሽታው እንደተላለፈበት የተረጋገጠ ሰው አለመኖሩን ገልጾ፣ ቀብር በጥድፊያ እንዳይፈጸም፣ የሟችና የቤተሰቡ ክብር፣ ባህልና ሃይማኖት እንዲጠበቅ አሳስቧል። አስከሬን የሚገንዙና የሚያጥቡ ሰዎች ጓንትና የመከላከያ ልብስ እንዲለብሱ፣ ፈሳሽ ሊረጭ የሚችል ከሆነ ፊታቸውንም እንዲሸፍኑ ይመክራል። ቤተሰብ አስከሬኑን ማየት ይችላል፤ መሳምና መንካት ግን አልተመከረም። አስከሬኑን ማቃጠል ግዴታ ነው የሚለው አባባል መሠረት የለውም።

በአፍሪካ

እዚህ የተጠቀሱት ጥናቶች በአብዛኛው ከአውሮፓ፣ ከቻይናና ከአሜሪካ የመጡ መሆናቸው ጉድለት ነው። አካልን ከፍቶ ለመመርመር የሚያስፈልገው ባለሙያና ክፍል በብዙ የአፍሪካ አገሮች ጥቂት ነው፤ ቤተሰብም በአብዛኛው አይፈቅድም። በሉሳካ፣ ዛምቢያ፣ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአስከሬን ማቆያ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከሰኔ እስከ መስከረም የተደረገ ጥናት ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሚደብቅ አሳይቷል። የአፍንጫ ናሙና ብቻ ተወስዶ ከ364 ሟቾች በ70ዎቹ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ከ70ዎቹ 51ዱ የሞቱት ከሆስፒታል ውጭ ሲሆን፣ በሕይወት እያሉ የተመረመረ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም፤ በሆስፒታል ከሞቱት 19ኙም የተመረመሩት 6ቱ ብቻ ነበሩ። በሽታው በአፍሪካ ብዙ ሰው አልገደለም የሚለው አስተያየት ከመነገሩ በፊት እነዚህ ቁጥሮች መታየት ነበረባቸው።

አካልን ሳይከፍቱ መመርመር የሚቻልበት ዘዴም አለ። በዚህ ዘዴ ሐኪሙ በረጃጅም መርፌዎች ከሳንባ፣ ከጉበት፣ ከአንጎልና ከደም ጥቂት ናሙና ይወስዳል፤ አስከሬኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ እንጂ የቀዶ ጥገና ስፌት አይቀርም፤ ቀብሩም ብዙ አይዘገይም። በኢትዮጵያ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሐረርና በቀርሳ ከ5 ዓመት በታች ሆነው የሚሞቱ ሕፃናትን የሞት ምክንያት ለማወቅ ይህን ዘዴ ይጠቀማል። ናሙናው የሚወሰደው ወላጆች ስለ ሥራው ተነግሯቸው ከተስማሙ ብቻ ነው።